«እኔ አንጎራጉሬ አላውቅም»

ባሌ ጊታርና ማንዶሊን ሠሪ ነው። መሣሪያ የሠራላቸው የባንድ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያስቡ፣ «እዚሁ ወርክሾፔ ውስጥ እኔው ካልቀዳሁት» ብሎ ድርቅ አለ። ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለ፤ የግድግዳ ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለ፤ ኮቴዬ እንዳይሰማ ብሎ እኔን ጫማዬን አስወለቀኝ።

የተቀዳው ተከፍቶ ሲደመጥ ከክሮቹ ድምፅ ሥር ወፍራም እንጉርጉሮ ይሰማል።

«ማነው?» ብሎ አፈጠጠብን።

«አንተ ነሃ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ይጠፋኛል?»

«እኔ? በሕይወቴ አንጎራጉሬ አላውቅም!» በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ልጆቹ ያለ እሱ ሞከሩት። ግማሽ ሳይደርሱ ተዘበራረቁ፤ ለካ ምቱን የሚይዙት ከእሱ እንጉርጉሮ ኖሯል።

«እትዬ፣ እባክዎ ይጥሩልን» አሉኝ።

እሱ ግቢ ውስጥ ያንኑ ዘፈን እያንጎራጎረ እንጨት ይልጋል። ልጠራው የወጣሁት ታዲያ ጫማዬን አድርጌ ነው።