በኪራይ መስመር የሚመጡ እጆች

ሉማሜ ላይ የአንድ እህል ነጋዴ ድርጅት ቢሮ አጸዳለሁ። ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ኢንተርኔት የማውቀው ልጄን እንደሚያሳየኝ ብቻ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ነው ያገባችው። ጆሮዋ አይሰማም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምናወራው ራሳችን ባወጣነው ምልክት ነው፤ እጇን ካላየሁ ስልክ ምን ያደርግልኛል?

የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የቢሯችን አልተዘጋም። ድርጅቱ ለብቻው የተከራየው መስመር ነው፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ አዲስ አበባ እስካለው ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱም ከዚያ ይመጣል፣ ሌላ ሰው አይገባበትም፣ ፈጣን ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግ ልጅ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን እንዳይ ኮምፒውተሩ ፊት ያስቀምጠኛል።

ልጄ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነበር የሚወለደው፤ መንገዱ ግን አስፈራን፣ እሷም አልመጣች፣ እኔም አልሄድኩ። መውለጃዋ ሲደርስ መስመሩ ድርግም አለ። ደጀን አጠገብ ቦይ ሲቆፍሩ በጥሰውታል አሉ።

ባሏ ደወለ። «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ወንድ ነው።»

«እሷስ?»

«ደህና ናት። ትንሽ ደክሟት ነው እንጂ።»

አላመንኩትም። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል» ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። እኔም ለስንቱ ጎረቤት «ደህና ናቸው» እያልኩ መርዶ ነጋሪ አጅቤ ሄጃለሁ። ሕፃኑ ሲያለቅስ በስልኩ ይሰማኛል፤ እሷን አቅርብልኝ ብል ግን ምኗን ልሰማ?

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው አብሮ ወደ ደጄ ሲመጣ ካየሁ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቤቱ ውስጥ የማዋየው ሰው የለም። ማልጄ ቢሮ እሄድና የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ።

«እትዬ፣ ወለሉን ሊበሱት ነው እኮ!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«የተበጠሰውን መስመር መቼ ነው የሚቀጥሉት?»

«ባለሙያዎቹ ቦታው ላይ ናቸው። አሁን ብደውል ደግሞ 'ና ራስህ ቀጥለው' ነው የሚሉኝ።»

«እስቲ ደውልላቸው፣ ልጄ። ይስደቡህ።»

ሳቀና ደወለ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ቀይ መብራቱን ትቶ አረንጓዴ አበራ። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን አቁሞ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋ ላይ ተደግፋ ታየችኝ። ፊቷ ከስቷል፤ ግን እሷ ናት፣ ዓይኗ ያያል።

«እልል በሉ እንጂ፣ እትዬ! እኔ ወንድ ነኝ፣ አልችልበትም» አለኝ ከኋላዬ። ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩ።

ሆዴን በመዳፌ ተጫንኩ፤ አመመሽ ወይ ማለታችን ነው። ልትመልስልኝ አንድ እጇን ስታነሳ ሕፃኑ ተንሸራተተ፣ ፈጥና በሁለቱም እጆቿ አቀፈችው። ደግሜ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ ወደ እሱ አቀረቀረች። ልታወራኝ የምትችልበት እጅ አልነበራትም።

እኔም እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው።