ጾመ ድልድይ

የክልል ምክር ቤት አባል ሆኜ አምስት ዓመት አገልግያለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ መኪናውንና የፊት ወንበሩን ያስባል። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ረሃቡ ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ እናቴ ቤት ሌማት ፊት ለፊት ተቀምጬ አምስት ዓመት ሙሉ ተርቤያለሁ። ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የገዛ ምላሴ ነው።

የተወለድኩት ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ቀበሌዋን ከመኪና መንገዱ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው። በበጋ ልጅ ዘሎት ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን አያድርስ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጥታ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ትጠብቃለች። እኔም ተማሪ ሳለሁ የሰኔ ፈተና ያመለጠኝ በዚሁ ወንዝ ምክንያት ነው። ኋላ ደብረ ማርቆስ ገብቼ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ወንዙ ግን ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ “ለምክር ቤት ተወዳደሪ” ሲሉኝ ብዙም አላስለመንኩም።

በቅስቀሳው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። እናቴ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣለች። የነፍስ አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ተወዳዳሪዎች ድልድዩንም መብራቱንም ክሊኒኩንም በአፋቸው ስለሠሩት፣ እኔ ስጀምር ሰው እያዛጋ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣

“ልጄ፣ ይህን ድልድይ በወሬ ስንሻገረው ኖረናል። አንቺስ በምን ትለያለሽ?” አሉኝ።

ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ደሜ ይፈላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘረጋሁና፣ “እዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠራ በዚህ ቀበሌ እህል ውሃ ብቀምስ ግዝት ይሁንብኝ!” አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። እናቴ ብቻ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በእኛ አገር ግዝት የዋዛ ነገር አይደለም። በካህን ፊት ራሱን የገዘተ ሰው ካልተፈታ በቀር እንደታሰረ ነው።

“አንቺ ልጅ፣” አለችኝ ወደ ቤት ስንሄድ፣ “የእኔም ቤት እኮ እዚሁ ቀበሌ ነው።”

ክው አልኩ። ለካ የእናቴ ቤት ቀበሌ ውስጥ ነው! የእናት ቤትን ማን በቀበሌ ያስበዋል?

ተመረጥኩ። ባሕር ዳር ለመጀመሪያው ጉባኤ ስሄድ የድልድዩን ጥያቄ በሦስት መስመር ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ክንዴ እስኪዝል እጄን አውጥቼ በሁለተኛው ቀን ዕድል ደረሰኝ። “ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሂደት ላይ ነው” ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት። በሁለተኛው ዓመት ጠየቅኩ፤ በሂደት ላይ ነው። በሦስተኛውም ጠየቅኩ። ሥራ ሳልሠራ ቀርቼ አይደለም፤ ረቂቅ አዋጆቹን ሌሎቹ ሲያንጎላጁ እኔ ከዳር እስከ ዳር አነብ ነበር። ለጤና ጣቢያችን አዋላጅ እንድትመደብም ተሟግቼ አስመድቤያለሁ፤ እሱን ማንም አይክደኝም። ድልድዩ ግን ወይ ፍንክች!

አገር ቤት ስሄድ መከራዬን አየሁ። ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ሰው እዝን ሲቀርብለት እኔ ጣሪያ እቆጥራለሁ። የወንድሜ ሰርግ ላይ ጨፍሬ ጨፍሬ ጉሮሮዬ ሲደርቅ፣ ወንዙን ተሻግሬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከማርቆስ የያዝኩትን ዳቦ በላሁ። ጎረቤቶቼ ስም አወጡለት። “ጾመ ድልድይ መቼ ነው የሚፈታው? ከሁዳዴም በረታ እኮ!” ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያርራል። የነፍስ አባታችን ባገኙኝ ቁጥር፣ “ልጄ፣ ስለዚያ ግዝት…” ብለው ይጀምራሉ። እኔም ተግሣጽ የመጣ እየመሰለኝ፣ “በሂደት ላይ ነው፣ አባ!” ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ እሮጣለሁ። “በሂደት ላይ” የምትለዋ ቃል ሳላውቀው ለምዳኛለች።

እናቴ ደግሞ የባሰች ናት። ለዓይኗ ሕክምና ማርቆስ እኔ ቤት ስትመጣ ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። ዶሮ ሠርቼ ባቀርብላት ዞር ብላ አታየውም።

“እማ፣ አንቺ ምን ብለሽ ተገዘትሽ?”

“አልተገዘትኩም። እልህ ነው። አንቺ የእኔን እስክትቀምሺ እኔም ያንቺን አልቀምስም!”

ቆሎዋን ታንቋቋለች፤ እኔ ዶሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ወልዳኝ፣ እልህን ከሌላ ከማን ልማር?

በአምስተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። ሳል ጠናባት፣ ሰውነቷ አለቀ። ላስታምማት ሄጄ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። የወንድሜ ሚስት ምግብ ስታቀርብላት፣ እናቴ እንደ ጥንቱ ጠቅልላ ወደ እኔ አፍ ዘረጋች። ከዚያ ትዝ አላትና እጇን መለሰች። ወጥቼ ወንዙ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህች ሴት ብትሞትስ? ከእጇ ሳልጎርስ ቀብሬያት፣ እዝኗን እንኳ ሳልቀምስ ልመለስ ነው?

እሷ ትንሽ ተሽሏት ቀና ባለችበት ሰሞን ዘመኔ አለቀ። “ድገሚ፤ ድልድዩ በሚቀጥለው ዘመን አይቀርም” አሉኝ። የሚቀጥለው ዘመን ሌላ አምስት ዓመት ነው። እናቴ አምስት ዓመት የላትም። አልወዳደርም አልኩ። ያን ዕለት ወደ ማርቆስ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወሰደኝ፤ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

የቀረኝ ለመራጮቼ የመጨረሻውን ሪፖርት ማቅረብ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያው ዋርካ ሥር። እናቴ በወንድሜ ክንድ ተደግፋ መጥታ ተቀምጣለች። ሰባት ገጽ ጽፌ ነበር፤ “በሂደት ላይ” የምትለዋ ሐረግ በየገጹ አለች። የመጀመሪያውን መስመር ጀመርኩና የእናቴን ፊት አየሁ። የወረቀቴ ነገር አስጠላኝ። አጠፍኩትና፣

“ድልድዩ አልተሠራም፤” አልኩ። “አምስት ዓመት ጠየቅኩ፣ አልሆነልኝም። አልቻልኩም። በማልችለው ነገር ተገዝቼ ነው። ይቅር በሉኝ።”

እኒያ በመጀመሪያው ቀን ሰው ያሳቁብኝ ሽማግሌ ተነሡ። አሁንስ ጉዴ ፈላ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“እግዜር ይማርሽ! እዚህ ዋርካ ሥር አልቻልኩም ያለ ሰው አይተን አናውቅም” አሉና፣ ወደ ነፍስ አባታችን ዞረው፣ “አባ፣ እኛ ምረናታል፤ ይፍቷት” አሉ።

“ድልድዩ ሳይሠራ ይፈታል?” አልኩ።

አባ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እናትሽ ገና በመጀመሪያው ዓመት ፍቱልኝ ብላ መጥታ ነበር። ራሷን የገዘተችው ልጅሽ ናት፤ በአንደበቷ አልቻልኩም ትበልና ወዲያው እፈታታለሁ አልኳት።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ አስጨረስሽኝ! አፌን በከፈትኩ ቁጥር በሂደት ላይ ነው እያልሽ ትሮጫለሽ።”

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እናቴ ላይ አፈጠጥኩ። “እማ፣ አንቺስ? አውቀሽ ዝም?”

“ነግሬሽ ብትመጪማ የእኔ ቃል ይሆን ነበር እንጂ ያንቺ አይሆንም” አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። “ደግሞስ እልህሽን ከማን ወረስሽው?”

ተንበረከክኩ። አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው “እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉኝ። አርባ ስግደት ቀኖና ሰጡኝ፤ “የድልድዩን ጥያቄ የሚቀጥለው ተመራጭ ያንሣው፤ አንቺ ግን እየበላሽ ጠይቂ” ብለውም መከሩኝ። ስነሣ ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ኩንታል እህል የወረደልኝ መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ቅቤ የገባበት ሽሮ ቀረበ። እናቴ ማንም እንዲያጎርሰኝ አልፈቀደችም። ራሷ ጠቀለለች፤ ግማሹ መንገድ ላይ ተንጠባጠበ። ጎረስኩ። እንባዬና ሽሮው ተቀላቀለ። “አንድ ያጣላል” ብላ ሁለተኛውን አጎረሰችኝ፤ ሦስተኛውንም ደገመችኝ።

ከዚያ እጇን ጠረገችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የሰነበተ ቆሎ ነበር። ሁሉንም ለደጅ ዶሮዎቿ በተነችና ወደ እኔ ዞረች።

“በይ፣ መቼ ነው ማርቆስ ይዘሽኝ የምትሄጂው? የዚያ ዶሮሽ ሽታ አምስት ዓመት ሙሉ ነው የገደለኝ።”