ከእኔ ቀድሞ የደረሰው ጥርጣሬ

ልጄ ሰዓዳ እዚህ አዋሽ ነርስ ናት። እኔንና ሦስት ልጆቿን የምታስተዳድር ሆና፣ በዕረፍት ቀኗም ቤት አትቀመጥም። እሑድ እሑድ የክትባት ሳጥን አንግታ ትወጣለች። «የት ነው?» ስላት «በጎ ፈቃድ ነው፣ አባባ» ትለኛለች፤ ሌላ ነገር የለም። መድኃኒት እየሸጠች እንዳትታሰርብኝ ፈራሁና ባለፈው እሑድ ተከተልኳት።

ከከተማው እንደወጣሁ ጠፋችብኝ። ግመል የሚጠብቅ አንድ አፋር አገኘሁና መንገዷን ጠየቅሁት። እሱ ግን እንደ አገሩ ደንብ መጀመሪያ ዳጉ፣ ወሬ መለዋወጥ አለ። ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንዳየሁና ምን እንደሰማሁ ጠየቀኝ። እኔም የመድኃኒቱን ጥርጣሬ ሳላስቀር ነገርኩት። ወደሄደችበት መንደር የሚወስደውን መንገድ አሳየኝና እሱ በአቋራጭ ሄደ።

እያረፍኩ መንደሩ ስደርስ ሰዓዳ ግራር ሥር ቆማለች። ለክትባት የተሰበሰቡት የመንደሩ ሴቶች ክንዳቸውን ሸፍነው እኔን ያዩኛል። መሀል ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ።

«ቢስሚላህ ብለህ ተቀመጥ፣ አባባ» አለችኝ መርፌውን እያዘጋጀች። «ወሬህ ቀድሞህ ገብቷል። የቴታነስ ክትባት ልሰጣቸው ብል፣ ‹መጀመሪያ አባትሽን ውጊና እንይ› ብለውኛል። በል እጅጌህን ሰብስብ።»