አላሙራ ላይ የነፋሁት ፊሽካ

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ሳላስበው አንገቴን አዙሬ ወደ አላሙራ ተራራ ተመለከትኩ።

«አባባ፣ ለእኛ አይደለም፤ ለዚያ ሚኒባስ ነው» አለኝ ሾፌሩ እየሳቀ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ሦስት ጊዜ የተነፋ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር ዱላ የያዘ ሰው ወደ እኔ የሚሮጥ ይመስለኛል። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ማስረዳት የቆየ ልማዴ ነው።

በደርግ ዘመን፣ ከተማችንን ገና አዋሳ እያልን በምንጠራበት ጊዜ፣ ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ጠመኔዎቼን በየቀለማቸው ለይቼ፣ ለእያንዳንዱ ርዕስ ደቂቃ መድቤ ነበር ክፍል የምገባው። ለጥያቄ አምስት ደቂቃ እመድባለሁ፤ አምስቱንም የምትወስደው ዘይነባ ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። እሷ ደግሞ ጨርቁን ገልብጦ እንደሚያይ ደንበኛ የነገርኳትን ሁሉ ገልብጣ ሳታይ አትቀበልም። ስለ ሐይቃችን ባስተማርኩ ቀን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል ብለዋል። የሚወጣውስ በየት በኩል ነው?»

«መውጫ ወንዝ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ሞልቶ እኛን አይውጠንም?»

«በፀሐይ ሙቀት ይተናል።»

«መውጫ እንደሌለው ግን በዓይንዎ አይተዋል? ዙሪያውን?»

መጽሐፉ እንደዚያ ይላል ብዬ መመለስ እችል ነበር። ወጣት መምህር ግን አላየሁም ማለት ከወንበር የመውደቅ ያህል ይከብደዋል። «አዎ» አልኩ፤ «አላሙራ አናት ላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

አላሙራን እስከዚያ ቀን የማውቀው ከታች ብቻ ነበር። ክፍሉ ግን «እኛንም ይውሰዱን!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ሆኖ በጥቅምት አንድ እሁድ፣ ከቀበሌ የፈቃድ ደብዳቤ አስጽፌ (ያን ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ሲሄድ ደግ ነገር አይጠረጠርም ነበር) ሃያ አምስት ተማሪዎች ይዤ ወጣሁ። የጉዞውን ሰሌዳ በመስመር በተከፈለ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ለፊሽካውም ሕግ አውጥቻለሁ፤ አንዴ ሲነፋ ጉዞ፣ ሁለቴ ሲነፋ መቆጠር፣ ሦስቴ ሲነፋ ዕረፍት።

መንገዱ በእንሰት ጓሮዎችና በደረቀ የበቆሎ አገዳ መካከል ያልፋል። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር አፈሩ ይሸታል። ተራራው ሥር ስንደርስ ጠመዝማዛውን የእግር መንገድ ትቼ ቀጥታ ወደ ላይ መራኋቸው። ቀጥታ መስመር አጭር መሆኑን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ልጆቹ በእጃቸው ሣር እየጨበጡ ይንፏቀቁ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ሦስቴ ነፋሁ።

ከታች ኡኡታ ተሰማ። ከየጓሮው ዱላና ጦር የያዙ ወንዶች፣ ከኋላቸው ሴቶች፣ ከሁሉም ፊት ውሾች ሽቅብ ሮጡ። ቀድመው የደረሱት አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ግን ከእኔ ይልቅ ትንፋሽ የተረፋቸው።

«ጅቡ የታለ?»

«የምን ጅብ?»

«ፊሽካ ማን ነፋ?»

ሃያ አምስት ጥንድ ዓይን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ አየ። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ «ልጆቹ እንዲያርፉ ብዬ ነው።»

«እንዲያርፉ!» አለች አንዲት ሴት፣ እጇ ላይ የቆጮ ሊጥ ተለጥፎ። «እናንተ እንድታርፉ ነው እኛ የሮጥነው?»

አቶ ዳንጊሶ አልሳቁም። «መምህር፣ ከዚህ በፊት እዚህ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ዘይነባ ከጎኔ ቆማለች። «አላውቅም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ብታውቅ አትነፋም ነበር። እዚህ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ጅብ ነው፤ ወይ የከብት ሌባ።»

ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወርደን ሊቀመንበሩ ደብዳቤያችንን እስኪያነቡ ስንጠብቅ ቀኑ አለቀ። በማግስቱ ወንዶቹ ተማሪዎች ኮሪደር ላይ በጣታቸው እያፏጩ «ጅብ መጣ!» ይሉ ጀመር። ያንን ቻልኩት። ያልቻልኩት የዘይነባን ዝምታ ነበር። ለጥያቄ የመደብኳት አምስት ደቂቃ ባዶዋን ትቀራለች። ልጅቷ እጇን ዴስኩ ላይ አጣጥፋ የምናገረውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ምንም ሳትጠይቅ። እንደዚያ ያለ ጨዋ ተማሪ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ጥር ላይ ብቻዬን ሄጄ አቶ ዳንጊሶን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ውሸቴንም ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ልጆቹን አምጣ» አሉኝ። «ፊሽካው ግን እኔ ጋ ይቀመጣል።»

በሳምንቱ በእሳቸው መሪነት በጠመዝማዛው መንገድ ወጣን። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ሸክማቸውን የሚያስደግፉባቸው ትልልቅ ድንጋዮች በመንገዱ ዳር ዳር አሉ። «ሴቶቹ የሚያርፉበት እናርፋለን» አሉ አቶ ዳንጊሶ። ድንጋዮቹ በእኔ ሰሌዳ መሠረት አልተቀመጡም፤ እግራችን በዛለ ቁጥር ግን አንዱ ፊታችን ይገኝ ነበር።

አናቱ ላይ ነፋሱ ደረቅ ሣር ይሸታል። ታቦር ተራራ ከበታቻችን እንደ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ ጥቁር ውሃ ረግረጉን አቋርጦ እንደ ቀጭን ክር ወደ ሐይቁ ይገባል። የሐይቁን ዳርቻ በዓይኔ እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ምዕራብ ጥግ ላይ ስደርስ ጭጋግ ሸፍኖታል።

«ስሙኝ» አልኩ። «ያን ቀን አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። የማየው ዛሬ ገና ነው። መጽሐፉ መውጫ የለውም ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ያንን ጥግ ግን አላየሁትም።»

ከዚያ ዘይነባ፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል?»

«አላውቅም።»

«እንጠብቀዋ!»

የአቶ ዳንጊሶ ባለቤት የላኩልንን ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ እየበላን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ዘይነባ ስንወርድም እየጠየቀች ነበር። ጭጋጉ አልተነሳም።

ይህን ሁሉ ለባጃጁ ሾፌር አልነገርኩትም። ወደ ተራራው ማፍጠጤን አይቶ ግን «አላሙራ ወጥተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ተኩል» አልኩት።

«ሐይቁ ዙሪያው ይታያል አይደል?»

«ምዕራቡን ጥግ አላየሁትም። ጭጋግ ነበረበት።»

«አርፍዳችሁ ነዋ! ተራራው በማለዳ ነው የሚወጣው።»

ከኪሴ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። «በማለዳ ስትል» አልኩት፣ «ስንት ሰዓት ላይ?»