ከምርቃት ላይ «ጉድባይ» ያልኩ ዕለት

ወደ ወልቂጤ የምትመለሰው የመጨረሻዋ ሚኒባስ ከአጥሩ ውጪ ክላክስ ትነፋለች። እኔ ቸሃ፣ አማቴ አባባ ቤት፣ መዳፌን ዘርግቼ «አሜን» እላለሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው።

እዚህ እንግዳ ሳይመረቅ አይወጣም። አባባ መርቀውኝ ጨርሰው፣ ተነሥቼም ነበር። ግን የእንግሊዝኛ አስተማሪ አፍ መቼ ያርፋል?

«አባባ፣ የፈረንጆቹ ‹ጉድባይ›ም እኮ ጥንት ‹እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን› የሚል ምርቃት ነበር። እያሳጠሩ እያሳጠሩ ነው እዚህ የደረሰው» አልኳቸው።

አባባ ደነገጡ። «ምርቃት ያሳጥራሉ?»

«ይቸኩላሉ መሰለኝ።»

በሩን የያዘውን እጄን አዩት። «እንዳንተ?»

ቁጭ አልኩ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጆቼን፣ እንሰቱን፣ ላሟን መረቁ። ቀጥለው «ለእነዚያም የጎደለባቸውን ይሙላላቸው» ብለው እንግሊዞቹን መረቁ። አሜን አልኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

የክላክሱ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ነገ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና እሰጣለሁ፤ የፈተናው ወረቀት ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አባባ ግን ማደሬን ሰምተው ደስታቸውን አልቻሉትም፤ «ከቤታችን አትራቅ» ያሉት ምርቃት የሠራ መስሏቸዋል።

እናንተስ፣ ምርቃት ላይ ሳላችሁ መኪና አምልጧችሁ ያውቃል? ከምርቃት እንዴት በጊዜ እንደሚወጣ ቶሎ ጻፉልኝ። ጠዋት ስወጣም እመረቃለሁ።