በእህቴ ስም የወጣሁት ተራራ

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጂንካ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጁስ ቤቴ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ደንበኞች የጫማቸውን ጭቃ በራፉ ላይ እያራገፉ ይገባሉ። በዜናው መሃል አንድ ተራራ ከአናቱ ግራጫ ጢስ ሲተፋ ታየ። «ኢንዶኔዥያ» አለ ዜና አንባቢው። ካንጋተን ከተማ እህል አራግፎ የተመለሰ አንድ ሾፌር የአቮካዶ ጁሱን በማንኪያ እያማሰለ፣ «እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ማንጎ የምትልጥልኝ እህቴ ምህረት መለሰችለት።

«እህቴ ሄዳለች። ሽቅብ ሮጣበታለች። እኔ ነኝ የላክኋት።»

«እኔ ነኝ የላክኋት» የሚለውን ቃሏን ለስንቱ ሰው ስትናገር እንደሰማሁ አላውቅም። ከልቧ ነው የምትለው፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን በሰማሁት ቁጥር ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። አርባን ካለፍኩ የቆየሁ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የምመራ ሴት ነኝ። ቢሆንም ቆንጠጥ ያደርገኛል።

ያኔ፣ በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ ቤታችን ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ነበር። አባባ በጓሮው እንሰት፣ ጎደሬና ቡና ያለማ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከእሱ ጋር በአሪኛ፣ ከከተማው ሰው ጋር በአማርኛ እያወራን አደግን። ጠዋት ጠዋት እኔና ምህረት ወርደን በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ እንሮጥ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ሳር ላይ ነው። እሱ የሚመጣ ዕለት ከብቶቹ ይባረራሉ፤ በተረፈው ቀን ሜዳው የከብቶች፣ የኳስ ተጫዋቾችና የእኛ ነበር።

ሩጫውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ምህረትን ወደ ሜዳው የወሰድኳት፣ ማለዳ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ያስነሳኋትም እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ቀደመችኝ። እኔ ስሮጥ ትንፋሼ ከሩቅ ይሰማል፣ ክንዴ አየሩን ይቀዝፋል፣ መሮጤን ሰው ሁሉ ያውቃል። እሷ ስትሮጥ ሳሩ እንኳን የሚያውቅባት አይመስልም። ስትቀድመኝ ደግሞ ዞር ብላ ፈገግ ትላለች፤ ለማበረታታት ነው። እኔ ግን ያን ፈገግታ እንደ ጠጠር በጫማዬ ይዤ እውል ነበር።

በዚያ ሜዳ ላይ ነው ራትና ያገኘችን። ራትና ኢንዶኔዥያዊት ናት፤ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር የመጣች የግብርና ባለሙያ፣ ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ጠዋት ከእኛ ጋር መሮጥ ጀመረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ቢሆንም ያሰበችውን ከመናገር አልከለከላትም። አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ አናናስ ስትመርጥ አግኝታን፣ ሀገሯ ውስጥ አንዲት ሩቅ ደሴት ላይ እሳተ ገሞራ እንዳለ፣ ወንድሟ እዚያ ተራራ ላይ በየዓመቱ ሩጫ እንደሚያዘጋጅ ነገረችን። ከዚያ እጇን ምህረት ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«አንቺ ትሄጃለሽ። አንቺ እግር ነፋስ ነው» አለቻት።

እኔ በወዲያኛው በኩል ቆሜ አናናሱን ይዤላት ነበር።

ራትና የሥራ ዘመኗ አልቆ ሄደች፤ ቃሏን ግን አልረሳችም። በዓመቱ ደወለች፤ ጉዞውን ወንድሟ ችሎ፣ ሁሉም ነገር በምህረት ስም ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ምህረት አገባች። ባሏ ወደ ሃና ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ ነርስ ነው፤ ጨዋ ሰው፣ እንከን የማይወጣለት። ታላቅ ቁጭ ብላ ታናሽ ስትዳር ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ብቻ አይደለም። በሠርጉ ዕለት የእናታችን ጓደኞች እየተፈራረቁ «ያንቺም ቀን ይመጣል» እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ሰውየውን አልፈለግኩትም፤ የፈለግኩት አንድ ነገር ቀድሞ ወደ እኔ እንዲመጣ ነበር።

የመሄጃው ጊዜ ሲቃረብ ምህረት አንድ ከሰዓት መጣችና ቡና ስንለቅም አጠገቤ ቆመች። የቀላውን ከአረንጓዴው ሳትለይ ዝም ብላ ትለቅማለች።

«ታድዬ፣ እኔ አልሄድም» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ?»

«ነፍሰ ጡር ነኝ። ያን ያህል መንገድና ያን ያህል ዳገት አይሆንም ብሎኛል ባሌ። አንቺ ሂጂ።»

«እነሱ የጠሩት አንቺን ነው።»

«ለራትና ደውዬ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላለች።»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።»

ልክ ነበረች፤ እምቢ እል ነበር። ያን ዕለት የተሰማኝን ዛሬም መለየት ይከብደኛል። ልጅም ተራራም በአንድ ላይ መጥቶላት፣ አንዱን መርጣ የተረፋትን ለእኔ አነሳችልኝ። ከሰው ሳህን የተረፈ ሥጋ ቢጣፍጥም ትራፊ ነው። ሆኖም እምቢ አላልኩም። ሌሊት እያለምኩት የኖርኩትን ነገር በኩራት የምመልስበት አቅም አልነበረኝም።

ከጂንካ ስነሳ አባባ «እግርሽን ጠብቂ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። አውቶቡሱ ቁልቁል ወደ ወይጦ ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። በኮንሶ እርከኖች አልፈን አርባ ምንጭ አደርን፤ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርኩበት አውሮፕላን። ከጃካርታ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሌላ ደሴት፣ ከዚያ ወደብ በጀልባ ወደ ተራራው ደሴት፣ ከጀልባው በሚኒባስ። ብቻዬን ነበርኩ። የመንደሩን ስም በየደረስኩበት ለሰው እየተናገርኩ፣ እነሱ እየሳቁ አጠራሬን እያቃኑ፣ በጣታቸው እያሳዩ አሳለፉኝ።

መንገዱ ደስ ይል እንደነበር አልክድም። አዛኑ ከሩዝ ማሳው ማዶ ይሰማል። ሩዙን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይሸጡታል፤ ስከፍተው የቅጠሉ ሽታ የእናቴ የኮባ ዳቦ ሽታ ሆኖ ዓይኔን አረጠበው። በርበሬያቸው ከሚጥሚጣችን አያንስም። ውሃን «አይር» ይሉታል። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ላብ ሲያጠምቀኝ አይታ «አይር? አይር?» ብትለኝ፣ አየር ፈልጌ መስሏት ነው ብዬ መስኮቱን ከፈትኩት። እሷ የውሃ ጠርሙሱን ዘርግታ ቀረች። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን «ይህን ለምህረት ስነግራት» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እሷ ብትሆን ቋንቋውን በሁለት ቀን ትለምደው እንደነበር አሰብኩና ሳቄ ጠፋ። በዚያ ሁሉ መንገድ አጠገቤ ያለው መቀመጫ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች ማለት ይቻላል።

መንደሩ ስደርስ ራትና ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ምህረት ደህና? ሆድ ትልቅ ሆነ?» የሚል ነበር። ቀጥላ ወንድሟ ደረቴ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር አመጣልኝ። ከቁጥሩ በታች በትልልቅ የፈረንጅ ፊደል «ምህረት» ተብሎ ታትሟል።

«ቀድሞ ታተመ። ይቅርታ» አለች ራትና፣ ፊቷ ቀልቶ። «ስም ብቻ ነው።»

«ግድ የለም» አልኳት።

ሩጫው ጎህ ሲቀድ ተጀመረ። ከቡናና ከቅርንፉድ እርሻ ተነስተን ወደ ጫካ ገባን። ሥሩ ያዳልጣል፣ ጭቃው ጫማ ይጠባል፤ እሱ ለጂንካ ልጅ እንግዳ አይደለም። የመንደሩ ሰው በየመታጠፊያው ተሰልፎ የየሯጩን ስም ከደረቱ ላይ እያነበበ ያበረታታል። እኔ ሳልፍ «ሚህሬት! ሚህሬት!» ይላሉ። ሕፃናት ያጨበጭባሉ፣ አሮጊቶች ውሃ ይዘረጋሉ፣ ሁሉም የእህቴን ስም ይጠራል። የዓለምን ግማሽ አቋርጬ ሄጄ በራሴ ላብ እሷን የማስጨበጭብላት ሰው ሆንኩ። ንዴቱ እግሬን አበረታው። ተናድጄ ያን ያህል ሮጬ አላውቅም።

ጫካው አልቆ ሳሩ፣ ሳሩ አልቆ አመዱ መጣ። አመዱን ስትረግጪው ወደ ኋላ ይመልስሻል፤ ወጣሁ ስትይ ወርደሻል። ድኝ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ንዴቴ እዚያ አለቀ፤ ለካ ንዴት የሚበቃው ለሜዳ ነው። በእጅና በጉልበቴ ዳኽኩ። አንድ ጊዜ ተቀምጬ «ምህረት ብትሆን ይሄኔ ደርሳ ነበር» አልኩና አለቀስኩ። ማንም አልነበረም፤ ጉምና ድንጋይ ብቻ። ልመለስ አሰብኩ። ብመለስ የሚመለሰው የማን ስም እንደሆነ ሳስብ ደግሞ፣ መመለሱንም ለእሷ መስጠት አስጠላኝ። ተነሳሁ።

የተራራው አፍ ላይ ስደርስ ጉሙ ተከፈተ። ወደ ውስጥ አየሁ። ገደሉ ከእግሬ ሥር ይጀምርና መሬት የሚያበቃበት ይመስላል፤ ከታች አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል፣ ከዳርና ዳሩ ነጭ እንፋሎት ቀስ ብሎ ይነሳል፤ በወዲያ በኩል ባሕሩ፣ ከባሕሩ ላይ ፀሐይ። ድምፅ የለም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም። በልቤ የመጣው ምስጋና ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። የመጣው፣ «ይህን ምህረት አላየችውም» የሚል ነው። ከዚያም አንድ የሚሞቅ ደስታ ከሆዴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ወጣ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ከነሸክሜ ዳገት እየወረድኩ ያደግኩ ስለሆንኩ አመዱን ተንሸራተትኩበት፤ ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶችን አለፍኩ። ከሴቶች ሦስተኛ ወጣሁ። በድምፅ ማጉያው «ምህረት፣ ከኢትዮጵያ» ተባለ። ራትና ስታቅፈኝ፣ «ስሜ ታደለች ነው በያቸው» አልኳት። ሄዳ ነገረቻቸው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ ነገር አለ፤ ከኔ ስም ጋር ብዙም አይመሳሰልም ነበር። ሕዝቡም በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ ቀጣዩ ሯጭ አዙሯል።

ጂንካ መናኸሪያ ስወርድ ምህረት ከእናታችን ጋር ትጠብቀኛለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ከአውቶቡሱ ሳልርቅ የሰፈራችን ሴት መጥታ ሳመችኝና፣ «እህትሽ እኮ አኮራችን» ብላኝ ሄደች። ግራ ገብቶኝ ምህረትን አየኋት። የራትና ወንድም ለምህረት ባል በስልክ ሲነግረው በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ነበር የተናገረው፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገብቷል። ነፍሰ ጡር ሆና ቤቷ የተቀመጠችውን ሴት ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ከርሟል።

ቤት ገብተን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኋት። «እኔ አይደለሁም፣ ታደለች ናት አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«መቼ?»

«ወዲያው አላልኩም። የመጀመሪያውን ቀን ዝም አልኩ። ሲስሙኝ ደስ አለኝ።»

«ይህንንም ወሰድሽብኝ ማለት ነው? ባል አለሽ። ልጅ እየመጣልሽ ነው። እግር ከእኔ የተሻለ አለሽ። ይህችን አንዷን መተው አቃተሽ?»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ታድዬ፣ አንቺ እኮ ሄድሽ» አለችኝ። «እኔ ስሜ ብቻ ነው የሄደው።»

ቀጥላ፣ «ውስጡ ምን አለው?» አለችኝ። ስለ ተራራው ነው። ሐይቁን፣ እንፋሎቱን፣ ባሕሩን ነገርኳት። ሳወራ ዓይኗን አየሁት። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሜዳው ላይ ጀርባዋን እያየሁ ስከተላት የኖርኩበት ዓይን ነው። መጀመሪያ ጣፈጠኝ። አወራሁ፤ አበዛሁት። ትንሽ ቆይቶ እንባዋ ወረደ፤ ወሬውም አፌ ላይ መረረኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ያን የውሃውን ነገር፣ አይር ስትለኝ መስኮት የከፈትኩትን ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። ምህረት አራት ወለደች፤ የመጀመሪያዋን ሴት ልጅ በታቀፍኩ ዕለት ቅናቱ እንደገና መጥቶ ጎበኘኝ። እኔ አላገባሁም። ጁስ ቤቱን ከፈትኩ፣ በእጄ ሠርቼ በላሁ፣ ሕይወቴንም አልጠላሁትም። ሰባኪው ቅናት አጥንትን ያነቅዛል ሲል አሜን እላለሁ። ነገር ግን ያ ተራራ ላይ ያወጣኝ ምን እንደሆነ ስጠየቅ ሌላ መልስ ማግኘት አልቻልኩም። ከሰው ሁሉ አስበልጬ የምወዳት እሷን ነው፤ ከሰው ሁሉ አስበልጬ የምቀናውም በእሷ ነው። ሁለቱ ተለያይተው የሚኖሩበትን ቀን ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ።

አሁን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለጤና ብለን የከተማው ሙዚየም ወዳለበት ኮረብታ በእግራችን እንወጣለን። እሷን ጉልበቷን ያማታል፣ እኔንም ወገቤን ያመኛል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራን እንጀምራለን። መሃል ላይ እሷ በግማሽ እርምጃ ትቀድማለች። እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆኜ እግሬን አፈጥናለሁ፤ እሷም ትጨምራለች። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ሁለት በዕድሜ የገፋን ሴቶች፣ እየተሽቀዳደምን እንዳልሆነ እያስመሰልን፣ ቁና ቁና እየተነፈስን ዳገቱን እንወጣለን።