ለያንጅማ ወተት የሚረጭ ሲጠፋ

በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ዳርቻ ጎምቦሱረን የሚባል የሃይብሪድ መኪና ጠጋኝ አለ። እጁ ደህና ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይበልጣል። ባትሪ ሊያስፈትሽ የመጣ ሰው ታሪኩን ሳይሰማ አይሄድም። ቤንዚንና ኤሌክትሪክን በአንድ መኪና ማጣመር ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ተሞክሮ እንደተረሳ፣ ኋላ ጃፓኖች እንዳነሡት፣ ጃፓኖች ነድተው የጠገቧትን ደግሞ የሱ አገር ሰዎች እንደሚነዷት ይተርካል። አንደኛዋ ዓይነት ሞተሯ ባትሪ ከመሙላት በቀር ጎማ አይነካም፤ በሁለተኛዋ ሞተርና ባትሪ እየተጋገዙ ይጎትታሉ፤ ሦስተኛዋ ከግድግዳ ሶኬት ትጠባለች። ደንበኛው ማዛጋት ሲጀምር ምክር ይከተላል።

"ዝም አለች ማለት ጠፋች ማለት አይደለም። ሳታጠፋት እንዳትወርድ!"

ይህ ምክር ያልሰለቸው ሹፌር በሰፈሩ የለም።

እናቱ ያንጅማ ገጠር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት ታመው ሲተኙ እሳት የሚያነድላቸው እንኳ አልነበረም፤ ጎረቤት የደረሰላቸው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ጎምቦሱረን ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ሌላ በረዶ ብቻቸውን ካገኛቸው እንደሚሞቱ አልተጠራጠረም። በረዶው ሳይጀምር የራሱን ሃይብሪድ መኪና አስነሥቶ ሊያመጣቸው ሄደ።

"አልሄድም አልኩ እኮ!" አሉት።

"ለምን እማዬ? ቤት አለ፣ ሙቀት አለ..."

"አባትህ መንገድ ሲወጣ ወተት ረጨሁ። አንተ ስትወጣ ረጨሁ። እኔ ስወጣ ማን ሊረጭልኝ ነው? ምድጃው?"

እየቀለዱ አልነበረም። በዚያ አገር መንገደኛ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ሰው ከኋላው ወተት ይረጫል፤ መንገዱ ነጭ፣ ማለት የቀና እንዲሆንለት ነው። ጎረቤቶቹ ደግሞ የሳቸውንም ፍየሎች ነድተው ቀድመው ሰፈር ስለቀየሩ ቀርቶ የሚረጭ ሰው አልነበረም።

"እኔ እረጭልሻለሁ።"

"አንተ ሂያጅ! የሚረጨው የሚቀረው ነው።"

"እሺ፣ መኪናዋ ውስጥ ግቢና ሙቀቱን ብቻ እይው። ካላማረሽ ትወርጃለሽ።"

እየተነጫነጩ ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

ጎምቦሱረን መኪናዋን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። አንድ ሐሳብ መጣለት። እናቱ አቅፈው የገቡትን ወተትና የእንጨት ማንኪያ አንሥቶ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣና ዘሎ ወረደ። መኪናዋ ዝም ብላለች፤ እሱም ጠፍታለች ብሎ አመነ። ስንቱን ሹፌር ያደነቆረበትን ምክር ራሱ ረሳው።

እናቱ የሚኖሩበት ድንኳን ደጃፍ ቆሞ የመጀመሪያውን ማንኪያ ወደ ላይ ሲረጭ መኪናዋ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረች።

"አንተ ልጅ! እየሄደች እኮ ነው!" ጮኹ ያንጅማ።

"እማዬ ውረጂ! ውረጂ!"

ያንጅማ ዞረው አዩት። ልጃቸው ማንኪያ ይዞ ደጃፋቸው ላይ ተገትሯል። እሳቸው እየሄዱ ነው፤ እሱ ቀርቷል።

"ምን ያስወርደኛል?" አሉ። "እርጭ እንጂ! አታቋርጥ!"

በሩን ጎትተው ዘጉት።

ጎምቦሱረን እየሮጠ ረጨ። ግማሹ ወተት ኮቱ ላይ ፈሰሰ። መኪናዋ ከኩበት ክምር ጋር ተላትማ ስትቆም፣ እናትየው ከፊት ወንበር ላይ ቀበቷቸውን እየፈለጉ ነበር።

አሁን ውጭው በረዶ ነው። ያንጅማ ከተማ፣ የልጃቸው ጋራዥ ውስጥ ምድጃ ይሞቃሉ። ልጃቸው አንዱን ሹፌር ይዞ "ሳታጠፋት እንዳትወርድ!" ሲለው ቀና አሉ።

"አልሄድም የምትል እናት ያለችው እንደሆነ ሳያጠፋትም ይውረድ" አሉና ኩበት ጨመሩ።